ክብርት ወንድ ጠል እና የሰኞ ቃለ ጉባኤ

በዓለም ላይ ያለ መሥሪያ ቤት ሁሉ ሦስት ነገር አያጣም፤ አንድ ወረቀት የሚበላ ማተሚያ፣ አንድ ቁልፉ የጠፋ ቁም ሣጥን እና አንዲት «ወንድ ትጠላለች» የምትባል ሴት። ማተሚያው አንድ ቀን ይጠገን ይሆናል። ቁም ሣጥኑም በመዶሻ ይከፈታል። ሴትዮዋ ግን አንዴ ስሙ ከወጣላት አበቃ፤ ጡረታ እስክትወጣ አይለቃትም። አንባቢዬ፣ በእርስዎም መሥሪያ ቤት አለች። የለችም የሚሉ ከሆነ ምናልባት ራስዎ ነዎት።

የእኛዋ ክብርት ወንድ ጠል የፓምፕ ቴክኒሻን ናት። መሥሪያ ቤታችን ለከተማው ውሃ ከሚያድሉት ቅርንጫፎች አንዱ ሲሆን ሦስት ትልልቅ ፓምፖች አሉት፤ ሦስቱም ዐመላቸው አስቸጋሪ ነው። ጆሮዋን ብረቱ ላይ ለጥፋ ትንሽ ትቆይና «ይቺ ዛሬ አላማራትም» ትላለች፤ ከሰዓት በኋላ ፓምፗ ቀጥ ትላለች። የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ «ተወካይ» ተብላ ክፍሉን ስትመራ ነበር። ተወካይ ማለት ሥራው ያንተ ሆኖ ወንበሩ የማንም ሳይሆን ሲቀር ነው።

እኔ መዝገብ ቤት ነኝ። ጋዜጣ ላይም ዓምድ ስላለኝ ባልደረቦቼ «ጸሐፊው» ይሉኛል። ይህን የምነግራችሁ ለመኩራራት አይደለም። ትንሽ ለመኩራራትም ነው፤ ዋናው ምክንያቴ ግን ቀጥሎ ያለው ነው።

ሰኞ ሰኞ ጠዋት ስብሰባ አለን። ስምንት ወንድ እና እሷ። አራት ዓመት ሙሉ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው እሷ ነበረች፤ ምክንያቱም «የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል» ተብላለች። የእጅ ጽሑፏ አያምርም። መዝገብ ቤት ስሠራ ያላየሁት የጽሑፍ ዓይነት የለም፤ የእሷን ለማንበብ ግን ወደ መስኮት መጠጋት፣ መነጽር ማውለቅ፣ እንደገና ማድረግ፣ በመጨረሻም እሷኑ ጠርቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ደግሞ ጸሐፊ ተብዬ የምከበረው እኔ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። ጸሐፊው ቁጭ ብሎ ፓምፕ ጠጋኟ ትጽፋለች። ይህ ነገር አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልገረመኝም።

አንድ ሰኞ ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና የዛሬው ተራ የማን እንደሆነ ጠየቀች። ተራ የሚባል ነገር ስለመኖሩ የሰማ ሰው አልነበረም። ሥራ አስኪያጃችን ጭቅጭቅ የማይወዱ ደግ ሰው ናቸውና የምን ተራ እንደሆነ በትሕትና ጠየቋት። የአራት ዓመቱን ቃለ ጉባኤ ሁሉ ቁጭ ብላ አንብባው ኖሯል። ሹፌሩ ስለ ጎማ የተናገረው አለ፣ በያጁ ስለ ጭሱ ያነሣው አለ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ስለ ጠፋው መፍቻ ያሉት አሥራ አንድ ቦታ ላይ አለ።

«እኔ የተናገርኩት ግን አንድም ቦታ የለም» አለች። «ስጽፍ ነበርኩ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራ ገባን። ከዚያው ቀን ጀምሮ እሷም ወንድ ጠል ሆነች።

የተራው ነገር በራሱ ሌላ ታሪክ ነው። በመጀመሪያው ሰኞ ባለተራው በያጁ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል የፈጀው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ እንዲህ ይላል፦ «ተሰበሰብን። ተነጋገርን። ተነሣን።» ከሥሩ በጥሩ ሁኔታ የተሣለ የብረት በር አለ፤ ስለ በር የተናገረ ሰው ግን አልነበረም። ሹፌሩ በበኩሉ ስብሰባውን እንደ ጉዞ መዘገበው፤ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሥተን ሦስት ተኩል ላይ አጀንዳ አንድ ደርሰናል፣ እዚያም መንገድ ተዘግቶብን ሃያ ደቂቃ ቆመናል። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ደግሞ «ወንበር አሥራ ሁለት፣ ሰው ዘጠኝ፣ ሐሳብ አራት፤ ከአራቱ ጥቅም ላይ የዋለ የለም» ብለው ጻፉና ወረቀቱን አዙረው አስፈረሙን። የእኔ ተራ ሲደርስ ሥራ አስኪያጁ ሲናገሩ በመስኮቱ ይገባ ስለነበረው ብርሃን ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ውሳኔዎቹን ረስቻቸው ነበር።

ክብርት ወንድ ጠል አንድ አባባል አላት፤ «እጅህ አለ አይደል?» ትላለች። ፎጣ አቀብዪኝ ሲሏት፣ ሸሚዜ ቁልፉ ተነቀለ ሲሏት፣ ጠረጴዛዬ አቧራ ጠጣ ሲሏት መልሷ ያው ነው። ለታላላቆቿ በአክብሮት «እጅ አለዎት አይደል?» ብላ ታስተካክለዋለች። በቁጣ አይደለም የምትናገረው። የእጅ ነገር በእርግጥ አሳስቧት እንደምትጠይቅ ሰው ነው፤ የተጠየቀው ሰውም ሳያስበው ዝቅ ብሎ እጁን ያያል። እስካሁን እጁን ያጣ ሰው አላጋጠመንም።

እንግዲህ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ኃላፊ በደንብ ላስተዋውቃችሁ። ቀበቷቸው ላይ አርባ ቁልፍ ስለሚያንጠለጥሉ «አባ ቁልፉ» እንላቸዋለን፤ ሲመጡ ከሁለት ኮሪደር በፊት ይሰማሉ። ክብርትን በቅጽል ስሟ ከመጥራት አልፈው በሳይንስ ያስረዱን እሳቸው ናቸው። ሬዲዮ ላይ ሰምተዋል። ፌሚኒስት ማለት ወንድ የሚጠሉ ሴቶች ማኅበር ነው፣ መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ተሰብስበው በየሳምንቱ አንድ ወንድ እየመረጡ ይጠላሉ። ተራ የሚባለውንም ነገር ያመጣችው ከዚያ ነው አሉን፤ ወንዱን የሚጠሉት በተራ ስለሆነ። ሦስት ምልክት አለው፦ ጥፍርን አሳጥሮ መቁረጥ፣ ጮክ ብሎ መሳቅ እና የራስን መፍቻ ከቤት ይዞ መምጣት። ሦስቱም አሉባት። በያጁ ይህን ሲሰማ የራሱን ጥፍር ሰረቅ አድርጎ አየ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ሳቅ ብቻ ሆኖ በቀረ። ግን የጥገና ክፍሉ ኃላፊነት በቋሚነት ሊሰጣት መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ቅሬታ ያለው በአሥር ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያቀርብ፣ ቅሬታው ሚዛን ከደፋም ሹመቱ ቀርቶ ከከተማ ውጭ ወዳለው የውሃ ማጠራቀሚያ እንደምትዛወር ይገልጻል። ማጠራቀሚያው ጋ አንድ ገንዳ፣ አንድ ዘበኛ እና ብዙ ንፋስ አለ። የሚጠገን ፓምፕ የለም።

አባ ቁልፉ በዚያው ቀን መዝገብ ቤት መጡና በሩን ዘጉ። የወንድ ሠራተኞችን ብሶት በወግ በወጉ የሚጽፍ ሰው እንደጠፋ፣ እንዳለም ከእኔ በቀር እንደማይታያቸው፣ ብዕሬ ምላጭ እንደሆነ ነገሩኝ። ምላጭ ሲሉኝ ልቤ ቀለጠ። እውነቱን ልናገርና ትንሽ ቂምም ነበረችኝ። ከሦስት ወር በፊት ስብሰባ ላይ ቀና ሳልል ባዶ ብርጭቆዬን ወደ እሷ ዘርግቼ ሻይ ስጠብቅ «እጅህ አለ አይደል?» ብላኝ፣ እኔም እንደ ሌላው እጄን አይቼ፣ ሰው ሁሉ ስቆብኛል።

ማስረጃ ፍለጋ ወጣሁ። በያጁ ልጅ ያገኘ ሰሞን ክብርት ደንቡን ገልጣ ለአባትም ፈቃድ እንዳለው አሳይታው ነበር። ቅጹን ራሱን አስሞልታ፣ አስፈርማ ወደ ቤቱ ሰደደችው። ይህን እያጫወተኝ ስልኩን አውጥቶ አርባ ሁለት ፎቶ አሳየኝ፤ በአርባው ልጁ ተኝቷል፣ በሁለቱ አባትዬው ራሱ ተኝቷል። እኔ ማስታወሻዬ ላይ «አንድ፦ ወንድ ሠራተኞችን ከሥራ ገበታቸው ታፈናቅላለች» ብዬ ጻፍኩ።

ሹፌሩ «አስለቀሰችኝ» ሲለኝ ደስ አለኝና ቶሎ ጻፍኩ። እሱ ግን ወሬውን ቀጠለ። አባቱ በሞቱ በሳምንቱ ሥራ ገብቶ፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም ብሎ ጥርሱን ነክሶ ሲነዳ፣ ከጎኑ የነበረችው ክብርት ዳር ይዞ እንዲያቆም ነገረችው። ሞተሩን አጥፍቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያለቅስ እሷ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ጠበቀችው። ሲጨርስ እንሂድ ከማለት በቀር አንድም ቃል አልተናገረች፤ ለማንም አላወራች። ይህን ሁሉ እንዳልጽፍ ቦታ ጠበበኝ። «ሁለት፦ ወንዶችን ታስለቅሳለች» ብዬ አሳጠርኩት።

ሦስተኛውን አባ ቁልፉ ራሳቸው አጻፉኝ። አንድ ቀን የፓምፕ ሞተር ብቻቸውን ሊያነሡ ሲታገሉ ደረታቸውን ያዛቸው። ወንድ ልጅ በዚህ በዚህ ሐኪም ቤት አይሄድም እያሉ ቢያንገራግሩም ክብርት ክንዳቸውን ይዛ መኪና ውስጥ አስገባቻቸው። ሐኪሙ «አንድ ቀን ቢዘገዩ ኖሮ» ብሎ ቀሪውን ዋጠው አሉ። አባ ቁልፉ የሚያስታውሱት ግን ሐኪሙን አይደለም፤ በግቢው ሰው ሁሉ ፊት ክንዳቸው መያዙን ነው። «አዛውንትን በኃይል ጎትታለች» ተብሎ ተጻፈ። አራተኛዋ «ለባልደረባ ሻይ ነፍጋለች» የምትለው ናት፤ ማን እንዳጻፋት ታውቃላችሁ።

ማመልከቻው ሲያልቅ ቋንቋው ያስደንቅ ነበር። «ከቅርንጫፉ ወንድ ሠራተኞች» ብዬ ያለ ፊርማ አስገባሁት።

ጉዳዩ የሚታይበት ሰኞ ደረሰ። ዘጠኛችንም ቦታ ቦታችንን እንደያዝን አባ ቁልፉ ግድግዳው ላይ ወደ ተለጠፈው የተራ ሰንጠረዥ በጣታቸው አመለከቱ። የዕለቱ ቃለ ጉባኤ ያዥ ክብርት ራሷ ናት። ተራ ተራ ያለችው እሷ ናትና ትያዝ አሉ፤ ቁልፎቻቸው በደስታ ሲንቀጫቀጩ ይሰማል። ሥራ አስኪያጁ እያፈሩ ደንብ ደንብ መሆኑን ገለጹ። እሷም ብዕሯን ከኪሷ አወጣች፣ ወረቀቱን አስተካከለች፣ ቀኑን ጻፈች።

ቀኑን ስትጽፍ እያየሁ ነገሩ ገባኝ። ፊት ለፊቷ ሊፈረድባት ነው፤ እሷም አንገቷን ደፍታ ሌሎች ስለ እሷ የሚሉትን ልትጽፍ ነው። ስትጨርስ ወረቀቱ ላይ የሁላችንም ቃል ይኖራል፤ የእሷ አይኖርም። ከዚያ ወደ ገንዳውና ወደ ንፋሱ ትሄዳለች። ያቺን ምላጭ የተባለች ብዕሬን ያን ጊዜ ጠላኋት።

«ስጪኝ፣ እኔ ልያዘው» አልኳት።

«ተራህ አይደለም።»

«አውቃለሁ። አንቺ ግን የምትናገሪው አለሽ።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ወረቀቱን ገፋ አድርጋ ሰጠችኝ።

ሥራ አስኪያጁ ማመልከቻውን ጮክ ብለው አነበቡ። ነጥብ አንድ ላይ ሲደርሱ በያጁ እጁን አውጥቶ እኔን የሚመለከት ከሆነ ይሰረዝልኝ፣ የሄድኩበትን ፈቃድም ለማን እንደምመልሰው አላውቅም አለ። ነጥብ ሁለት ላይ ሹፌሩ ተነሥቶ ቆመ። ማልቀሱ እውነት መሆኑን፣ ግን ያለቀሰው ለአባቱ መሆኑን ተናገረ፤ ሲናገርም ዓይኑ ሞላና ተቀመጠ። በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው እንዳይኖር ተመኘሁ። ነጥብ ሦስት ላይ ሁላችንም ወደ አባ ቁልፉ ዞርን። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ደረታቸውን ዳበስ አደረጉ፣ ነጥብ ሦስት ለጊዜው ይቆይ አሉ። ነጥብ አራት የማን ናት ተብሎ ቢጠየቅ ግን ትንፍሽ ያለ ሰው የለም። እኔም አጎንብሼ «ነጥብ አራት ባለቤት አልተገኘላትም» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ወደ እሷ ዞረው፣ ከይቅርታ ጋር፣ ፌሚኒስት ነሽ ስለሚባለው ምን እንደምትል ጠየቋት።

«ነኝ» አለች። አባ ቁልፉ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ።

«ምን ማለት ነው? ትርጉሙን ማለቴ ነው።»

«ሴትም ሰው ናት ማለት ነው፣ ጋሼ። ከሥሩ የተደበቀ ሌላ ነገር የለውም። ሰው ከሆነች ስትናገር ይጻፍላታል፣ ስትሠራ ወንበሩ ይሰጣታል፣ ሻይ ቀጂ ቢሏት ደግሞ ካሻት ትቀዳለች፣ ካላሻት አትቀዳም። ወንዱም እንዲሁ።»

«ወንድ መጥላቱስ?»

«እሱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ጊዜ ይፈልጋል። ሦስት ፓምፕ እያስጨነቀኝ በየት በኩል እደርስበታለሁ?» ካለች በኋላ ግን ጨመረች፤ «እውነት ተናገሪ ካላችሁኝ ከስምንታችሁ አንዱን አልወደውም። ወንድ ስለሆነ ግን አይደለም።»

ቃለ ጉባኤው እዚህ ላይ «ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ» ይላል። ሥራ አስኪያጁ እንኳ ከረባታቸውን አስተካከሉ። ሹመቱ በእጅ ብልጫ ይወሰን ሲባል ሰባት እጅ ቶሎ ብድግ አለ፤ ያ አንዱ እኔ ሳልሆን አልቀርም ብሎ ያልፈራ አልነበረም። ስምንተኛው የአባ ቁልፉ እጅ ነው። ጭንቅላቴን ልከክ ነው ያነሣሁት ብለዋል፤ ግን አላወረዱትም።

ሁለት ዓመት ሆነው። አባ ቁልፉ ዛሬ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ፌሚኒስት ማለት ሴትም ሰው ናት ማለት መሆኑን፣ ይህንንም እሳቸው ከድሮ ጀምረው እንደሚያውቁት ያስረዳሉ። ሬዲዮም ሲከፍቱ ከተናጋሪው ቀድመው ይመልሳሉ።

የዚያን ሰኞ ማግስት ግን እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነበርኩ። ቢሮዋ ሄጄ ያ የማትወጂው አንዱ እኔ ነኝ ወይ አልኳት። እጇን በጨርቅ እየጠረገች ቀና አለች።

«ነጥብ አራት ያንተ ናት» አለችኝ። «ማመልከቻውን ከስብሰባው ሦስት ቀን በፊት ሰጥተውኝ አንብቤዋለሁ። ጥሩ አድርገህ ጽፈኸዋል። መጨረሻው ላይ ስደርስ ሴትዮዋን እኔ ራሴ ጠላኋት።»

እያወቅሽ ታዲያ ወረቀቱን ለምን ሰጠሽኝ ብዬ ጠየቅኳት።

«ያጣመምከውን አንተው ብታቃናው ይሻላል ብዬ ነው። አንዱ ግን አንተ አይደለህም፣ ሂድ ተኛ።»

አንዱ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረችንም። እኔ ይህችን ሴት እወዳታለሁ። በዕድሜ ሰባት ዓመት ብበልጣትም እንደ ታላቅ እህት ነው የምወዳት፤ እንደ ታላቅ እህትም እፈራታለሁ። ያንን ማመልከቻ የጻፍኩት በአንድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ይህችን ለመጻፍ ግን ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።